የማን እጅ ነው?

አንኮበር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዝቅ ብሎ፣ የመሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ጎጆ ነበረች። ሚስታቸውን ተስቦ ከነጠቃቸው ወዲህ መሪጌታ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ወርቅአገኘሁንና ታናሽ እህቱን ይመኙሻልን፣ በአንድ እንግዳ ጨዋታ አሳደጉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ ጓዳ ገብተው አንድ ዓይነት ወጥ በየድስታቸው ይሠራሉ፤ ሦስተኛው ዓይኑን በነጠላ ታስሮ ይቀምሳል። «የማን እጅ ነው?» ይባላል። የወርቅአገኘሁ እጅ ሽሮ ላይ በሚነሰንሳት ጦስኝ ይለያል፤ የይመኙሻል እህሉን፣ የጭኮ ገብስ ሳይቀር፣ ከልክ አሳልፋ በመቁላቷና ኮረሪማ በማብዛቷ። መሪጌታ አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አያውቁም።

ጎረቤቱ ግን ይስቅ ነበር። «መሪጌታ፣ ዛሬ ደግሞ ድጓው ጓዳ ገባ እንዴ?»

«ድጓውም ድስቱም ዜማ ይፈልጋል፤ አንተ ለሁለቱም ድምፅ የለህም!» ይሉ ነበር እየሳቁ። ለግብር የሚያበስል ፈልጎ ከትልቅ ቤት የተላከባቸውንም ሰው በባዶ እጁ መለሱት። «እኛ የምንሠራው እየተያየን ለመብላት ነው» አሉት።

ወርቅአገኘሁ በዚህ ሁሉ ያፍር ነበር። ጢማቸው የሸበተ ሰው ማማሰያ ይዘው ሲርመጠመጡ! ወንድ ልጅ ሽንኩርት ሲልጥ! ንቀቱ እያደር አድጎ፣ ጣልያን ደብረ ብርሃን በገባ ማግስት ካኪ ለብሶ ባንዳ ሆነ። ምስኪን! ከጭስ አመለጥኩ ብሎ የባዕድ ውሻ ለመሆን ሮጠ። የሰው በግ ሲነዳና ጎተራ ሲያስከፍት ወንድ የሆነ መሰለው። ማታ ማታ ደግሞ በምላሱ ይፎክር ነበር፤ ቀምሼ የማንን እጅ እንደሆነ የማልለየው ወጥ የለም እያለ።

አንድ ቀን ባንዶቹ ወፍ ዋሻ ጫካ ከአርበኞች ላይ አንድ አገልግል ማርከው ተመለሱ። ውስጡ ጭኮ ነበር፤ በተነጠረ ቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ለመንገደኛ የማይበላሽ ስንቅ። አለቃቸው ወልደተንሣኤ እየሳቀ ዘረጋለት። «እንካ ቅመስ፣ አንተ ምላሳም! ሽፍቶቹ ከኛ የተሻለ ይበላሉ!»

ወርቅአገኘሁ ቆረሰ። ዓይኑን ጨፈነ… ማንም ሳያስረው፣ በልማድ ብቻ። ለአንዲት አፍታ የእሑድ ልጅ ሆነ።

«ገብሱ ከልክ አልፏል» አለ ፈገግ ብሎ። «ኮረሪማው በዝቷል… ይመኙሻል! የእህቴ እጅ ነው! ከሺህ ሰው መካከል አወጣዋለሁ!»

ሳቁ ቀጥ አለ።

«እህትህ?» አለ ወልደተንሣኤ ቀስ ብሎ። «አንኮበር ያለችው?»

«ተሳስቻለሁ ጌታዬ! እሷ እንኳን ለአርበኛ ለእኔም…»

«ምላሴ አይሳሳትም ስትለን ከርመህ? ዛሬማ አመንኩህ!»

ወዮ! ለአርበኞች ስንቅ የምታቀብለው ማን ናት ብሎ ጠላት በስንት ሰላይ ፈልጎ ያጣትን ልጅ፣ ወንድሟ በአንድ ጉርሻ አስረከባት! ክፋት እንኳ ቢሆን ምነው! ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ይኼ ግን ለጭብጨባ ሲል የናቀውን ጨዋታ የተጫወተ ባዶ ሰው ነው።

ይመኙሻልን ደብረ ብርሃን ገበያ መሀል ሰቀሏት። ወደ ገመዱ ሲወስዷት በሰልፉ ውስጥ ወንድሟን አየችው። አልሰደበችውም። ቆም አለችና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ጭኮው ጣመህ?» አለችው።

የመሪጌታ ዓይን በእንባ ጠፋ። ማማሰያውን ሰቅለው ተቀመጡ፤ ጎረቤታቸው ደመቀች የምታመጣላቸውን ይቀምሱ ነበር። ወርቅአገኘሁ ካኪውን ጥሎ ሲመጣ ያገኘው እሷን ነው። እግሯ ላይ ወደቀ።

«እትዬ ደመቀች፣ ዛሬ ብቻ እኔ ልሥራላቸው። ከቀመሱልኝ ይቅር አሉኝ ማለት ነው።»

ደመቀች ተጸየፈችው፤ ግን ለሽማግሌው አዝና ከጓዳው በር ዞር አለች። ከገደሉ ጦስኝ ለቅሞ ሽሮውን እንደ ድሮው ሠራ። እሷ አቀረበች፤ እሱ ጥግ ላይ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ተንበረከከ።

መሪጌታ ጎረሱ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጉርሻውን በአፋቸው ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ከጠፋው ዓይናቸው እንባ ወረደ። ወርቅአገኘሁ ልቡ ዘለለ፤ ለይተውታል! ሽማግሌው ግን ጉርሻውን ከአፋቸው አውጥተው ከሳህኑ ጠርዝ አኖሩት።

«ደመቀች፣ የማን እጅ ነው?»

ደመቀች ወደ ጥጉ ዞራ አየች።

«እኔ ይህን እጅ አላውቀውም» አሉ። «ከእኔ ቤት የወጣ አይደለም። አንሺው። ለውሻም አትስጪው፤ ውሻው ምን በደለ?»

«አባባ!»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እስኪሞቱም ድረስ አልመለሱትም።

ጣልያን ወጣ፤ ባንዲራችን ተመለሰች። ወርቅአገኘሁ ዛሬ ደብረ ሲና መንገድ ዳር፣ የሰው ምግብ ቤት ውስጥ ተቀጥሮ ያበስላል። ያፈረበት ጭስ እንጀራው ሆነ። ዕጣ ፈንታ እንዲህ ታሾፋለች! ሾፌሮቹ ሽሮውን ጠርገው ይበላሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው መዳፍ ይጠርጋሉ፣ መኪናቸውን አስነስተው ቁልቁል ይወርዳሉ። እሱ በጓዳው በር ቆሞ ጆሮውን ይሰጣል። የማን እጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድ ሰው እንኳ የለም።