ርቀቱን እኔ አልሞላሁትም

የምነግራችሁን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ታይቹንግ ከተማ፣ በሰባተኛው የጨረቃ ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

በዚህ ወር ሙታን ይመለሳሉ ስለሚባል፣ በዚያ ቀን የምሠራበት ፋብሪካ ደጃፍ ላይ ለሙታን ጠረጴዛ ይዘረጋል። ፍራፍሬ፣ ብስኩት፣ ቢራ። ሠራተኛው ሁሉ ለሙታን የሚላክ የወረቀት ገንዘብ ሊያቃጥል ወጥቷል።

ውስጥ የቀረነው እኔና ጋሽ ልያው ብቻ ነን። ሠላሳ ዓመት ብረት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ቹንሜይ፣ ሙታን ሲጋበዙ አንቺ ሥራ ትያለሽ። ይታዘቡሻል።»

«አምስት ደቂቃ ነው ጋሼ። በልተው ሳይነሱ እጨርሳለሁ።»

ሥራዬ በሽቦ አጥር ውስጥ ላለው የሮቦት ክንድ ማክሮ መጻፍ ነው። ማክሮ ማለት በአንድ ስም የታሰረ የትእዛዝ ሰንሰለት ነው። ርቀትና ፍጥነት እሞላለታለሁ፤ ክንዱ ተዘርግቶ ብረቱን ያነሳል።

ርቀት፦ አርባ ሴንቲ ሜትር ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ብረቱ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ላስተካክል ወደ አጥሩ ውስጥ ገባሁ።

ቀጭ...

በሩ ከኋላዬ ተቆለፈ። የሚቆለፈው ደግሞ ማክሮው ሥራ ሲጀምር ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ነኩት እንዴ?»

«እኔ? እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።» ጎንበስ ብለው ከአጥሩ ውጭ ያለውን ስክሪን አዩ። «ርቀት ስንት ሞልተሽ ነበር?»

«አርባ።»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይላል።»

ክንዱ ዞሮ ፊት ለፊቴ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«አሁን ሁለት መቶ ስድሳ ሆነ...» ድምፃቸው ቀጠነ። «ተንቀሳቀስሽ?»

የሚለካው እኔን ነበር።

ክንዱ ግን ካሜራ የለውም። የሚያይበት ምንም ነገር አልገጠምንለትም።

ጋሽ ልያው ቀዩን ማቆሚያ መቱት። ምንም የለም። አርባ ብለው ጻፉ፤ ተሰረዘ። ደግመው ጻፉ... ተሰረዘ።

በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። አልነቃነቅ አለ። ወደ ጥግ ሸሽቼ ሽቦው ላይ ተለጠፍኩ።

«ሦስት መቶ አሥር» አሉኝ።

ክንዱ ከሁለት መቶ ሰማንያ በላይ አይደርስም። ተነፈስኩ።

«በቃ፣ እዚያው ሁኚ።»

«እሺ።»

«ቹንሜይ... አትንቀሳቀሺ አልኩሽ እኮ።»

«አልተንቀሳቀስኩም።»

«ሁለት መቶ ዘጠና... ሁለት መቶ አርባ...»

«ጋሼ፣ ጀርባዬ ሽቦው ላይ ነው። ይዩኝ።»

አዩኝ። ስክሪኑን አዩ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«አብሮሽ ያለው ማን ነው?»

ከአጠገቤ አንድ ነገር ተነስቶ ወደ ክንዱ እየሄደ ነበር። አላየሁትም። ቀኝ ጎኔን ብቻ ድንገት በረደኝ።

«መቶ ሃያ... ስልሳ...»

ከኋላዬ ሽቦውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

«ፍጥነቱም ራሱን ሞላ» አሉ። «አንድ።»

አንድ ከሁሉም ቀርፋፋው ፍጥነት ነው። ክንዱ ለሕፃን እንደሚዘረጋ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። ብረት የሚይዝበት መንጋጋው ሊገጠም ሲል መሃል ላይ ቆመ... የሰው እጅ የሚያህል ክፍተት ትቶ።

ጋሽ ልያው ሮጠው ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ጎትተው አጠፉት። የጣሪያው ማራገቢያ ሳይቀር ቆመ። በሩ ተከፈተ። አወጡኝ።

በማግስቱ ሥራ ለቀቁ። የቀረ ዕቃቸውን እንኳ ሰው ልከው ነው ያስወሰዱት።

ያየሁትን ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። እየጎተቱ ሲያወጡኝ ዞር ብዬ ነበር።

ኤሌክትሪክ በሌለው ክንድ ላይ፣ መንጋጋው በተቀባው ዘይት ላይ... የጣት አሻራ ይወጣ ነበር።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት።

አንድ እጅ ከወዲያ በኩል እየጨበጠው።