ያልተዘጋው ቀፎ

«የእኔን ቃል ሳምራ ትናገርልኝ» አሉ አቶ ዳልጮ በወላይትኛ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ቦልቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ለማስተርጎም ተሰናድተው ነበርና ቅር ተሰኙ። ሽማግሌው ግን ወይ ፍንክች። ቦልቴ ደግ ሰው ነው አሉ፤ ችግሩ፣ ሰው አፉ እስኪደርቅ ሲያስረዳ ቆይቶ ሲጨርስ እሱ «ተስማምተዋል» ብሎ ይዘጋዋል። የልጅ ልጃቸው ግን ሶዶ አክስቷ ዘንድ እየኖረች የምትማር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አማርኛዋ ውሃ ነው። የተናገሩትን ሳትቆርስ እንደምታደርስላቸው ያምናሉ።

ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ሳምራ አልሳቀችም። እንግዳዋ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ታውቃለች፤ አያቷ ምን ብለው እንደሚመልሱም ታውቃለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እሷ ብቻ የምታውቀው ሌላም ነገር ነበር፤ እሱም ከቆመችበት ሊያሸሻት ደርሶ ነበር።

እንግዳዋ ዶክተር ሰርካለም ትባላለች። ከአዲስ አበባ የመጣች የንብ ጤና ባለሙያ ናት። ከዱቦ ከተማ ከፍ ብሎ ያለው ይህ ቀበሌ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ የንብ ደንብ አውጥቷል። ደንቡን ሌሎች ወረዳዎችም እንዲወስዱት መምከር ይገባ እንደሆነ ለማየት ነበር የመጣችው። ደንቡ ብዙ አያወራም። ማሳው ላይ ተምች ወርዶበት መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ ከዋዜማው ለንብ አርቢ ጎረቤቶቹ ይናገራል። የተነገረው ንብ አርቢ ቀፎውን ዘግቶ ንቦቹን ያቆያል። ሳይናገር የረጨ ሰው የሞተውን መንጋ ይተካል፤ ተነግሮት ያልዘጋ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው። በዚህ ዓመት መድኃኒት የጨረሰው የአቶ ዳልጮን ንቦች ብቻ ስለሆነ፣ ሐኪሟም በቀጥታ የመጣችው እሳቸው ግቢ ነው።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ዓርብ ማታ ነው። ሳምራ ከሶዶ ሚኒባስ ወርዳ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ አባቷ ቢያድግልኝ ጠራት። የቀበሌው መርጫ ተራ ደርሶታል። ተምቹ በቆሎውን እየጨረሰው ነው፤ አንድ ቀን ቢያድር የሚተርፍ ነገር የለም። በበቆሎው መሃል የዘራው ቦሎቄ ደግሞ ያበበበት ሰሞን ነበርና የአያቷ ንቦች ከዚያ ማሳ አይጠፉም። «ነገ በጠዋት እረጫለሁ። ሂጂና ቀፎዎቹን ይዝጉ በያቸው» ብሎ ላካት።

እሷም ወጣች። አያቷ ቤት ሳትደርስ ግን ጓደኛዋ ጽጌሬዳ ከደጇ ላይ ያዘቻት። የእህቷን ስልክ ተውሳለች፤ የሚከታተሉት ተከታታይ ድራማ አዳዲስ ክፍሎች ተጭነውበታል። ሳምራ መልእክት አለብኝ ብትላት ጽጌሬዳ አልሰማችም።

«ኧረ አታካብጂ! አሁን እኮ ነው የሚጦፈው። አያትሽን ነገ በጠዋት ትነግሪያቸዋለሽ።»

አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው ሲተካ መሸ። ሳምራ ወደ ቤቷ ስትመለስ በጠዋት ተነስታ ሮጣ እንደምትነግራቸው ለራሷ ቃል ገባች፤ ከልቧም ነበር። እንቅልፍ ግን የማንንም ቃል አያከብርም። ስትነቃ ፀሐይ ወጥቷል፣ አባቷም መርጫውን አዝሎ ማሳው መሃል ነው።

ከሰዓት በኋላ አያቷ ዘንድ ስትደርስ ብሳናው ስር፣ ከቀፎዎቹ ፊት ቁጢጥ ብለው አገኘቻቸው። የሞቱት ንቦች እንደተደፋ ዳጉሳ መሬቱን ሸፍነውታል። ጥቂቶቹ ገና በጀርባቸው እየተሽከረከሩ ነበር። ሽማግሌው በመዳፋቸው እየዘገኑ አንድ ቦታ ያጠራቅማሉ። «ምነው፣ አንድ ሰው አንድ ቃል ቢነግረኝ?» አሉ፤ ለእሷ ይሁን ለንቦቹ አልለየም። 

በዚያው ማታ አባቷ ለአያቷ ነግራቸው እንደሆነ ጠየቃት። «አዎ» አለች። አንዲት ቃል ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ቢያድግልኝ አባቱ ዘንድ ሄዶ ሳምራን ልኮ እንደነበር፣ እሷም እንደነገረቻቸው ገለጸላቸው። ሳምራ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። አያቷ እሳቱን ቆሰቆሱ። «ነግራኝ ነበር?» አሉ። «እንግዲህ ነግራኝ ይሆናል። አርጅቻለሁ።» ዞር ብለው እንኳን አላዩዋትም። እሷን ከመጠርጠር ራሳቸውን መጠርጠር ቀለላቸው። ቢቆጧት ኖሮ እንዲያ አያቃጥላትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዳልጮ የራሳቸው ጭንቅላት ጠባቂ ሆኑ። በሩን ዘግተው ይወጡና መዝጋታቸውን ለማየት ከመንገድ ይመለሳሉ። ነገር እንዳይረሱ ጣታቸው ላይ ክር ማሰር ጀመሩ፤ ክሩን ለምን እንዳሰሩት ደግሞ ያስባሉ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሳምራን ወደ ጎን ሳብ አድርገው የሟች ወንድሞቻቸውን ስም በተራ ጠሩላትና «የዘለልኩት አለ?» ብለው ጠየቋት። ታሪካቸውን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያወሩላት ስላደጉ ስሞቹን ታውቃቸዋለች። የዘለሉት አልነበረም።

አባቷም ክፉ አልሆነባቸውም፤ ይልቁንም ከመጠን በላይ ደግ ሆነ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን እየጎተተ ያናግራቸዋል። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሁሉ ሞተውባቸው «ቢያድግልኝ» ብለው ስም ያወጡለት ልጅ፣ አድጎ አሁን እሳቸውን እጃቸውን ይዞ ቦይ ያሻግራቸው ጀመር። እሳቸውም እጃቸውን ዝም ብለው ይሰጡታል። ያንን ማየት ለሳምራ ከሞቱት ንቦች የባሰ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ ትላለች፤ እሑድ በሚኒባስ ወደ ሶዶ ስትመለስ ምስጢሯም አብሯት ይሳፈራል።

አሁን ዶክተር ሰርካለም በአያቷ ግቢ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጥያቄዋን ጀመረች። ቀፎዎቹን ቀድማ አይታለች፤ በሽታ እንዳልሆነም አረጋግጣለች። ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሊረጭ መሆኑ ለአቶ ዳልጮ ተነግሯቸው ነበር ወይ? ሳምራ ጥያቄውን ወደ ወላይትኛ መለሰችው። አባቷ እንሰቱ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ተነግሮኛል» አሉ ዳልጮ። «ልጄ እንደ ደንቡ አድርጓል። ይህችም ልጅ መጥታ ነግራኛለች። የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ሳምራ አስተረጎመች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ሐኪሟ ከንፈሯን መጠጠችና ወደ አቶ ቦልቴ ዘንበል ብላ ሥጋቷን ነገረቻቸው። ሰው ተነግሮትም የማይዘጋ ከሆነ ይህን ደንብ ለሌላ ወረዳ ለመምከር ትቸገራለች። ደንቡን ያወጡት አቶ ቦልቴ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም ነበር።

«ንብ በሚረሳ ሰው እጅ አይኖርም» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ዛሬ ይህን ረሳሁ፤ ነገ ምን እንደምረሳ አላውቅም። ቀፎዎቼን ለቀበሌው ወጣቶች ማኅበር አስረክባለሁ። ወረዳው ለእኔ ያሰበውን አዲሱንም ቀፎ ለእነሱ ይስጥ። ንገሪያት።»

ሰዉ አጉረመረመ። ሳምራ አላስተረጎመችም። ዶክተር ሰርካለም ምን እንዳሉ ጠየቀቻት፤ አቶ ቦልቴም እንድትቀጥል በዓይናቸው ገፋፏት። የቀረው ያችኑ ማስተርጎም ብቻ ነው። ብታስተረጉም ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል። አባቷ ከተጠያቂነት ይወጣል፣ እሷን የሚቆጣ አይኖርም፣ ለወጣቶቹም ቀፎ ይደርሳቸዋል። አንድ ሰው ብቻ ያለ ንብ፣ ራሱን እየፈራ ይቀራል። ዓይኗን ወደ አያቷ መለሰች። ጣታቸው ላይ ያለውን ክር ያዞሩታል። በጣም ትወዳቸዋለች። እንዲህ ዝቅ ብለው አይታቸው አታውቅም።

ወደ ሐኪሟ አልዞረችም። ለአያቷ በወላይትኛ፣ እንሰቱ አጠገብ ያለውም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«አያቴ፣ እኔ አልነገርኩዎትም። ያን ማታ አልመጣሁም። ጽጌሬዳ ቤት ድራማ ሳይ ነው ያመሸሁት። አባባ ሲጠይቀኝም ዋሸሁት።»

 አባቷ ያጣመረውን እጁን ሲፈታ በዓይኗ ጠርዝ አየችው። እሷ ግን የምትጠብቀው አያቷን ነበር።

«አልመጣሽም?» አሉ።

«አልመጣሁም።»

«በፍጹም?»

«በፍጹም፣ አያቴ።»

 «እንግዲያ አልረሳሁም» አሉ።

«አልረሱም።»

«አልረሳሁማ!» አሉ ደግመው፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሳለ ሳቁ። ስለ ንቦቹ አላነሱም፤ ስለ ውሸቱም አልጠየቁ። ሳምራ ቁጣ ስትጠብቅ ያን ደስታ ማየት ስላልቻለች በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ዶክተር ሰርካለም ግራ ተጋብታ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። ሳምራ አፍንጫዋን ጠርጋ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ በአማርኛ ነገረቻት፤ መልእክቱን፣ ድራማውን፣ እንቅልፉን፣ «አዎ» ያለችውንም። ምንም አልቆረሰችም። ቀፎ ስለማስረከብ የተባለው ላይ ስትደርስ አያቷ ክንዷን ነካ አደረጓት።

«እሱን ተይው በያት። ጭንቅላቴ ደህና ከሆነ ንቦቼን ለማን ብዬ ነው የምሰጠው?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሐኪሟም ሲተረጎምላት ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ደንቡ የቱ ጋ እንደሳተ ጠየቀቻቸው። ዳልጮ ብዙ አላሰቡም። የሚረጨው ሰው ራሱ ይምጣ አሉ፤ ልጅ አይላክ፤ ደጅ ድረስ መጥቶ ይንገር፤ ቀፎው ሲዘጋም በዓይኑ አይቶ ይሂድ። ቢኮራረፉም እንኳን ይምጣ። አቶ ቦልቴ ይህ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚጨመር ለመናገር ቸኮሉ።

ቢያድግልኝ ያኔ ወደ መሃል መጣ። ልጁ ካልተናገረች እሱም አልተናገረም ማለት ስለሆነ መንጋውን በደንቡ መሠረት እንደሚተካ ተናገረ። ለአባቱ ያወራው በተለመደው ድምፁ ነበር፤ አልጮኸም፣ ቃሉንም አልጎተተ። ሳምራን ግን አላያትም። ሰዉ ሲበተን ማንንም ሳይጠብቅ ቀድሞ ወጣ።

አያቷ እጇን ያዙ። «ዛሬ እዚህ እደሪ» አሏት። የተቀቀለ ጎዳሬ በዳጣ አለ፤ አባትሽን እኔ አውቀዋለሁ፣ ሌሊቱን አድሮ ይበርድለታል አሉ። ሳምራ መቅረት ፈለገች። አባቷ ሲቆጣ እንደማይጮኽ ታውቃለች። ዝም ነው የሚለው፤ ከጩኸት ደግሞ ዝምታው ይከብዳታል። ወደ መንገዱ አሻግራ አየች። አባቷ ገና ከእይታ አልጠፋም።

«ነገ እመጣለሁ፣ አያቴ። ዛሬ ቤት ነው የምገባው» አለችና የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ አባቷ በሄደበት መንገድ ወጣች።