በግራ በኩል የተጻፈ ስንብት

ሰውየው ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ብርጭቆው ውስጥ መርዝ የገባበት የሻይ አተላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለባልደረቦቹ የተላከ መልእክት ነበር፤ «ሸክም መሆን ሰልችቶኛል። ይቅር በሉኝ።»

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ያለ ነገር አይደለም። ከሬሳው ይልቅ ስክሪኑን ስታይ ቆየች።

መሥሪያ ቤቱ የመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራም ይሠራል። ሟች የተጠቃሚዎችን አስተያየት ተቀባይ ነበር። አምና ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ከዳነ ወዲህ በግራው ያለ ነገር አይታየውም፤ ከሳህኑ እንኳ የቀኙን ግማሽ ብቻ ነበር የሚበላው። ስለዚህ ተጠቃሚው የፕሮግራሙን መስኮቶች እንደፈለገ ያንቀሳቅስ፣ ያስፋ፣ ያጥብብ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሳቁበት።

«‹ለአንድ ዕውር ብለን ቤቱን እናፍርስ?› ብያለሁ» አለች ኃላፊዋ። «በኋላ ፕሮግራመሩ ያንኑ አሳምሮ ሲያመጣው ወደድኩት። ሾምኩትም።»

«ሐሳቡ የማን እንደሆነ ረሱት?»

«ያመጣው ሰው ሌላ ነዋ።»

ፕሮግራመሩ የሟች ሚስት ወንድም ነው። እሷ ያን ጠዋት ባሏን «ሸክም ሆንክብኝ» ብላው፣ ወዲያው ተጸጽታ ለወንድሟ ደውላ ያለችውን እየነገረችው አልቅሳ ነበር። አሁን ፊቷን እየነጨች «እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች።

«ራስሽን አትውቀሺ፣ እህት ዓለም» ይላታል አቅፎ። «ቃል ሰው እንደሚገድል በምን ታውቂያለሽ?»

ፕሮግራሙን የምትሞክረው ልጅ ግን ሌላ ነገር ተናገረች። «ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አብረን ነበርን። ሐሳቡ የእሱ መሆኑን የሚያስረዳ፣ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ሊያነበው ያሰበውን ደብዳቤ አሳየኝ። መጻፊያ መስኮቱ እንደ ወትሮው በቀኝ ነበር።»

«መስኮቱ በራሱ ይንቀሳቀሳል?»

«በእጅ ካልተጎተተ አይነቃነቅም።»

መርፌ ኃላፊዋን፣ ሞካሪዋንና ፕሮግራመሩን በየተራ ፕሮግራሙ የተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠቻቸው። «ጠዋት የት እንደነበራችሁ ጻፉልኝ» አለች። ከኋላ ቆማ እጃቸውን ብቻ አየች። ከዚያ ሚስቲቱንም ጨምራ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ ሰበሰበች።

«ኃላፊዋ ምንም አልነኩም። ሞካሪዋ መጻፊያውን ወደ ላይ ሰቀለችው።» ወደ ፕሮግራመሩ ዞረች። «አንተ የስም ዝርዝሩን ዘጋህ፤ መጻፊያውን ግራ ጥግ ወስደህ እስከ ታች ዘረጋኸው። ሬሳው ፊት ያገኘሁት ይኸው ነው። የለመደ እጅ ሰው አያማክርም። ሟች ግን እዚያ ሊጽፍ ይቅርና መስኮቱ መኖሩንም አያይ።»

«ማንም ሊያደርገው ይችላል።»

«‹ሸክም› የሚለውን ግን ከባልና ሚስቱ ሌላ የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ደብዳቤው ከተነበበ ሹመትህ አበቃለት። ሻይ ወስደህለት፣ መርዙን በግራው ቆመህ ጨመርክበት፤ እንደማያይህ ታውቃለህ። አንገቱን ሲደፋ ክንዱን ገፋ አድርገህ ስንብቱን ጻፍክለት።»

ፕሮግራመሩ አልካደም። ሹመቱ እንደሚገባው፣ ሰውየው ግማሽ ሰው እንደነበረ አጉተመተመ። ኃላፊዋ ጠረጴዛውን ታያለች።

ሚስቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከፊቷ አወረደች።

«ሻዩን ስትሰጠው ምን አለህ?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ንገረኝ።»

«‹እግዜር ይስጥልኝ› አለኝ። ‹አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር› አለኝ።»