አረፋው በወረደ ቁጥር

ይሄ ተረት አይደለም። አምለሰት በአንደበቷ የነገረችኝ ነው፤ የማያምን አይመን፣ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሕፃን ማቀፍ ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 2004 ዓ.ም.፣ ቡሬ። ረፋድ አራት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ...

አምለሰትና የሥራ ጓደኛዋ ዘሩ በማኅበር ተደራጅተው ፈሳሽ ሳሙና ይሠራሉ። ከድንጋይ ከሰል ከሚወጣ ጥቁር ዝፍት የተቀመመ፣ አዲስ ዓይነት። የሌላው ሳሙና አረፋ ወንዝ ላይ ተኝቶ ይከርማል፤ ይሄኛውን ጭቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን በልተው ይጨርሱታል ተብሏል።

ይሄ እውነት መሆኑን ለመሞከር እጣቢ ያስፈልግ ነበር። አምለሰት የአራት ወር ልጇን፣ የምስክርን ማቀፊያ አጠበችበት። እጣቢውን ከወንዝ ጭቃ ጋር ብልቃጥ ውስጥ አድርጋ በጠበጠችው። አረፋው ስድስት ጣት ቆመ።

"አረፋው ከጠፋ የማምረቻ ፈቃዱን አገኘን" አላት ዘሩ።

በሦስተኛው ቀን ስትበጠብጠው ሦስት ጣት ብቻ ሆነ።

የዚያን ዕለት ልጇን ስታነሳው... ቀለላት።

ጉንጩ ሙሉ ነው። ጡቷንም ግጥም አድርጎ ይጠባል።

የጤና ኤክስቴንሽኗ አስካለ ማርያም መጥታ ሚዛኗን በሩ ላይ ሰቀለች።

"ባለፈው ስድስት ኪሎ ነበር..."

"አሁንስ?"

"ሦስት።"

"ኧረ ሚዛንሽ ተበላሽቶ ነው!"

አስካለ ማርያም አንድ ኪሎ ስኳር ሰቀለች። ልክ አንድ ኪሎ።

በማግስቱ አረፋው ሁለት ጣት፣ ልጁ ሁለት ኪሎ።

አምለሰት ከዘሩ ተደብቃ ብልቃጡ ውስጥ ሳሙና ጨመረችና በጠበጠችው። አረፋው ስድስት ጣት ወጣ። ቤቷ ሮጣ ልጇን ብታነሳው... ከበዳት። እቅፍ አድርጋው አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ከእሑድ በቀር በየማለዳው እየተደበቀች ትጨምራለች።

"ምን ጉድ ነው? ለምን አይጠፋም?" ይላል ዘሩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የማኅበሩ ቤት ብትገባ ብልቃጡ የለም። ዘሩም የለም። ፈቃድ ለሚሰጡት ባለሙያዎች ላሳይ ብሎ ቅዳሜውን ፍኖተ ሰላም ይዞት ሄዷል።

ልጇን ታቅፋ ወደ አስካለ ማርያም በረረች። ክንዷ ላይ የማቀፊያው ክብደት ብቻ ነበር።

አስካለ ማርያም ልጁን ሚዛኑ ላይ ስታንጠለጥለው የአምለሰት ሞባይል ጠራ።

"አምለሰት፣ እልል በይ!" ዘሩ ነው። "አሁን በፊታቸው በጠበጥኩት። ቅንጣት አረፋ የለም! ጨርሶታል!"

ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

ምስክር እግሩን እያወራጨ፣ እናቱን እያየ ይስቃል። መርፌው ዜሮ ላይ ነው።

"በሩን ዝጊው..." አለች አስካለ ማርያም በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"ነፋስ እየመጣ ነው።"