ያልወጣው ዕጣ

በ፳፻፲፫ ዓ.ም. ኅዳር ወር፥ የቁስቋም ማርያም ንግሥ ባለፈ በሳምንቱ፥ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጉለሌን ጠዋት ጠዋት ይቆነጥጥ ነበር፤ በወረርሽኙ ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው የቆዩት ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ስለ ነበርም፥ በዳገቱ ሥር ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራኑ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፥ ተራርቀው ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍል የሚደለደለው በዕጣ ነበር፤ በየዓመቱ ቁጥር የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች በጠመኔ ካርቶን ውስጥ ይደባለቃሉ፤ መምህራኑ በየተራ እጃቸውን ይሰዳሉ፤ በደረሰው የሚያጉረመርም የለም። በዚያ ቀን ግን ርዕሰ መምህር ዓምሃ ካርቶኑን አላመጡም።

«ሁላችንም አንድ ካርቶን ውስጥ እጃችንን ብንከት በሽታውን ተከፋፈልነው ማለት ነው፤» አሉ። «ስለዚህ እኔው ደልድያለሁ።»

ባለ ሰፋፊ መስኮቱ ክፍል ለመምህርት ቤዛዊት ተሰጠ፤ ርዕሰ መምህሩ የልጇ የክርስትና አባት፥ የእርሷም አበልጅ ናቸው። ለመምህርት ሠርካዲስ የተሰጣት ግን የቀድሞው ዕቃ ቤት ነበር፤ ከጣሪያው ሥር አንዲት የማትከፈት መስኮት ብቻ አለችው።

«በሩ ከተዘጋ እንኳን ኮሮና ድምፅም አይወጣም፤» አለ መምህር ኢታና በጭምብሉ ውስጥ እየሳቀ።

ሠርካዲስ አልሳቀችም። እናቷ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ አስም አለባቸው፤ ሁለቱ የሚኖሩት በአንዲት ክፍል፥ የሚበሉትም ከአንድ ማዕድ ነው፤ በሽታው አገር ከገባ ወዲህ እጇን ሳትታጠብ ደፋቸውን ተሻግራ አታውቅም።

«ሠርካዲስ፥ ቅር አለሽ እንዴ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል፥ ጋሽ ዓምሃ።»

ይህ የሚባለው እንዲታመን አልነበረም፤ ጠያቂው «ግድ የለሽም፥ ተናገሪ» ብሎ ይደግማል፤ ተጠያቂዋም ያን ጊዜ ችግሯን ታወጣለች፤ ያሳደጓት እንዲህ ነው። ርዕሰ መምህሩ ግን አልደገሙም፤ አመስግነዋት ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ።

በማግስቱ ቢሯቸው ገባች።

«እናቴ በሽተኛ ናት፤ ክፍሉ ደግሞ አየር የለውም።»

«ትናንት ሰው ሁሉ እየሰማ ቅር አላለኝም አላልሽም?»

«በሰው ፊት እንዴት ብዬ ልናገር?»

«እኔስ አሁን በምን አፌ ቤዛዊትን ውጪ ልበላት? ለዘንድሮ ቻይው።»

ክፍል እንድትቀይራት ልትለምን እስከ ቤዛዊት በር ሄደች፤ የልጇን ደኅንነት ብቻ ጠይቃ ተመለሰች።

ታኅሣሥ ሲያልቅ፥ አንድ ቀን ማታ እጇን ስትታጠብ የሳሙናው ሽታ ጠፋባት። ደጅ ቆማ ቀረች።

«ምን ያስቆምሻል? ብርድ ነው፥ ግቢ እንጂ፤» አሏት እናቷ።

«አትጠጊኝ፥ እማዬ። ማሽተት አቃተኝ።»

«ትናንት አብረን በላን፤ አብረን አደርን። አሁን ደጅ ብትቆሚ ማንን ታድኛለሽ? ግቢ፥ ልጄ።»

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ከጥምቀት በፊት ዐረፉ። በሽታው ከዕቃ ቤቱ ይምጣ፥ ከታክሲ ወይም ከገበያ፥ ምሎ የሚናገር አልነበረም፤ ሠርካዲስ እንኳ አልማለችም፤ ርዕሰ መምህሩም ለቅሶ ደርሰው፥ ራቅ ብለው ተቀምጠው፥ «የዘመኑ ነገር ነው» አሉ።

እርሷም ሲሻላት ወደዚያው ክፍል ተመለሰች፤ ሌላ ቦታ አልነበራትም። የዚያ ዘመን ታሪክ ትምህርት ቤቶች የተዘጉበትንና የተከፈቱበትን ቀን፥ የሞቱትንም ቁጥር ጽፎ አስቀምጧል፤ ለአንዲት መምህርት ሁለተኛ ጊዜ ሳይጠየቅ የቀረውን ጥያቄ ግን የጻፈው የለም።