ሁለተኛው ሳጥን

ማብሊ ዶክተር ቱዱርን ከመልኩ በፊት በስህተቱ ነበር የምታውቀው።

በዌልስ ባሕር ዳር፣ በአበርኬሊ ከተማ ያለው መድኃኒት ቤት አንድ ነው፤ ፋርማሲስቷም ማብሊ ናት። አዲሱ ሐኪም ከመጣ ወዲህ ከኮረብታው ጤና ጣቢያ የሚላኩት ማዘዣዎች ፋታ አልሰጧትም። አንድ ቀን በቀን አንዴ የሚዋጠውን አራት ጊዜ ይለዋል፤ ሌላ ቀን የሚስትን ክኒን ለባል ያዝዛል። እሷም ስልኩን ታነሳለች።

«ዶክተር፣ ማብሊ ነኝ፣ ከመድኃኒት ቤት።»

«ወይ ጉዴ! ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«አቶ ኢቮርን ሊገድሉብኝ ነበር።»

«እሳቸው እንኳ በዋዛ የሚሞቱ አይመስለኝም። ትናንት ሲጨቀጭቁኝ ነው የዋሉት።»

አራት ወር ሙሉ እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። ከዚያ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሰው ውሃ እያንጠባጠበ ገባና ከሰልፉ ጀርባ ቆመ። የማብሊ ረዳት ኔስታ፣ በዚያ ባንኮኒ ሠላሳ ዓመት የቆመች ሴት፣ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው።

«ስህተቴን ዛሬ በአካል ላምጣው ብዬ ነው» አለ፣ አንድ ማዘዣ እያሳየ።

ማብሊ ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች። ከስልኩ ድምፅ ተነስታ አጭርና ወፍራም፣ ምናልባትም ራሰ በራ ሰው ነበር የሳለችው። ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ አንዳቸው ከሌላው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

መድኃኒቱን እስክታዘጋጅለት ድረስ በፓኬቱ ላይ የምትለጥፈውን ወረቀት አየ። ጥግ ላይ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ መድኃኒቱን የሠራው፣ አንዱ አይቶ ያረጋገጠው የሚፈርምበት።

«ሁለቱም ላይ አንድ ሰው መፈረም አይችልም?»

«በጭራሽ። የሠራ ሰው የራሱ ስህተት አይታየውም።»

«እኔንስ ማን ያየኛል?»

«እኔ ነኛ!» አለች ማብሊ፤ ካለች በኋላ ፊቷ ቀላ። ኔስታ ይህን ለሳምንት መቀለጃ አደረገችው።

በዚያው ክረምት መጨረሻ ወሬው መጣ። የጤና ጣቢያው አንጋፋ ሐኪም ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ተተኪ ስላልተገኘ ከመጪው መኸር ጀምሮ ጤና ጣቢያው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይከፈታል። ማብሊ ይህን ስትሰማ አባቷ ትዝ አሏት። ዓርብ ቀን ማሳል ጀምረው፣ ሆስፒታል አልሄድም፣ ሰኞ ሐኪሙ ያየኛል ብለው ድርቅ አሉ። የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ከልጃቸው ጀርባ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ያለ ማዘዣ ግን አይነካም። ሰኞ ረፍዶ ነበር፤ ማክሰኞ አረፉ።

«አንቺ ልጅ፣ የሰው ስህተት ስትለቅሚ ዕድሜሽ ማለቁ ነው» አለቻት ኔስታ። «ለምን ራስሽ አትጽፊም?»

መንገዱ ነበረ። ፋርማሲስት በዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ዘጠና ሰዓት ከአንድ መድኃኒት አዛዥ ሐኪም ሥር ሠርቶ፣ ያ ሐኪም በቅቷል ብሎ ከፈረመለት ራሱ መርምሮ ራሱ ያዛል። በአካባቢው ጊዜ አለኝ ያለ ሐኪም ቱዱር ብቻ ነበር። የአሠልጣኝነቱን ቅጽ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ከሠልጣኟ ጋር የቅርብ ግንኙነት አለዎት?»

«በስልክ መሰደብ ይቆጠራል?» አላት። ተሳሳቁና «የለም» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን እውነት ነበር። ከታች በደቃቅ ፊደል፣ ይህ ከተለወጠ ለዩኒቨርሲቲው ይነገር ይላል፤ ሁለቱም አንብበውታል።

ሥልጠናው ማብሊ እንዳሰበችው አልሆነም። በሽታውን ታውቃለች፣ መድኃኒቱን ከእሱ ይልቅ ታውቃለች፤ እጇ ግን አትጽፍም። ሌላ ሰው የጻፈውን ስታርም የኖረች እጅ ባዶ ወረቀት ሲሰጧት ትደነግጣለች።

«ይጻፉ እንጂ!» ይላታል ቱዱር።

«ከጻፍኩ በኋላ የሚያየው ማነው?»

«ማንም። እዚህ ወንበር ላይ ሁለተኛ ሳጥን የለም።»

ሳንባ ማዳመጥን ያስተማራት በራሱ ጀርባ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ «በረጅሙ ይተንፍሱ» አለችው። ትንፋሹን ትከተል የነበረች ጆሮ ልቡን ሰማች፤ ልቡ እየፈጠነ ነበር። ማዳመጫውን አወለቀች። እሱም ሳይዞር ሸሚዙን ለበሰ።

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መቼ እንደተሻገሩ አታስታውስም። በዌልስ ቋንቋም ቢሆን ይህ በቀላሉ የሚዘለል አይደለም። ያስተዋለችው ኔስታ ናት፣ ማብሊ በስልክ ስታናግረው ሰምታ።

«‹አንተ› ሆነ እንዴ? ጉድ ነው! የአራት ጊዜ ክኒኑ ሰውዬ?»

«ዝም በይ ኔስታ።»

«ዝም ብያለሁ። እኔ ምን አገባኝ።»

ስልሳ ስምንተኛው ሰዓት ባለቀ ዕለት የቱዱርን መኪና ባሕሩ አጠገብ አቁመው፣ ዝናቡ መስታወቱን እየመታ፣ ከወረቀት ላይ ድንች ጥብስ ሲበሉ ሳማት። ወይም እሷ ሳመችው፤ በዚህ ጉዳይ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር።

«ነገ ለዩኒቨርሲቲው እነግራለሁ» አለ።

«አብደሃል? ሃያ ሁለት ሰዓት ነው የቀረኝ።»

«ሌላ አሠልጣኝ ይፈልጉልሻል።»

«የት? ከዜሮ ልጀምር? በመኸር በሩ አብዛኛውን ቀን ይዘጋል ቱዱር። ዓርብ የሚያስለው ሰው እስከ ሰኞ ይጠብቅ?»

የአባቷን ስም አልጠራችም፤ ታሪኩን ስለሚያውቅ መጥራትም አላስፈለጋትም።

«መዋሸት አልችልበትም» አለ።

«ዝም በል ነው እንጂ ዋሽ አላልኩህም።»

ዝም አለ። ስለሚወዳት ዝም አለ። እነዚያ ሃያ ሁለት ሰዓታት በሕይወቷ ከሁሉ በላይ ደስ ያላት ጊዜ ነበሩ። እጇም መጻፍ ለመደች፤ በአንድ የዓሣ አጥማጅ እግር ላይ ቱዱር ሳያየው ያለፈውን እብጠት አይታ፣ ቶሎ ሆስፒታል አስልካ አድናዋለች። ብቁ መሆኗን ማንም ሊጠራጠር አይችልም ነበር።

ዘጠናኛው ሰዓት አለቀ። የመጨረሻው ቅጽ ከጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ብቃቷን አንድ በአንድ አጸደቀላትና ከፊርማው በላይ ያለችው ጥያቄ ላይ ደረሰ፦ በሥልጠናው ወቅት ከሠልጣኟ ጋር የተፈጠረ የቅርብ ግንኙነት አለ?

«‹የለም› በል» አለች ማብሊ ቀለል አድርጋ።

«ይሄ ዝም ማለት አይደለም እኮ። ስሜን የማኖርበት ነው።»

«አንድ ቃል ናት! ስንቱን በዚህ እጅህ አበላሽተህ እኔ ሳርምልህ አልነበር? አንዲት ስህተት ለእኔ ስትል ብትጽፍ ምን ትሆናለህ?»

ይህን በማለቷ ኋላ ብዙ ተጸጽታለች። እሱ ግን አልተቆጣም። አያት። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ያን ጊዜ ድካም መሰላት። ከዚያ «የለም» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ብዕሩን ከደነና ተነስቶ እጁን ዘረጋላት።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ማብሊ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ምንድነው እሱ? ‹አለዎት›?»

«የፈረምኩት ውሸት እንዲሆን አልፈልግም» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ እውነት ይሁን።»

ቀልድ አልነበረም። ብትደውልለት በአክብሮት ይመልስላታል፤ በር ላይ ብትጠብቀው በአክብሮት ሰላም ይላታል። የሰደባት ያህል ነበር። እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለቱም ግትሮች ናቸው፤ የእሱ ግትርነት ግን ስሙ ሐቀኝነት ስለሆነ ማንም አልወቀሰውም። እሷም «ቅጹን ቀድደህ ጣለው፣ እንደገና እጀምራለሁ» ማለት ትችል ነበር። ሁለት ጊዜ ይህን ልትለው ኮረብታውን ወጥታ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሳለች። በመኸር ቱዱር ወደ ስኮትላንድ ሄደ።

ሦስት ዓመት አለፈ። የአበርኬሊ ሰው አሁን ሲያስለው ማብሊ ዘንድ ይሄዳል። ከባንኮኒው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል መርምራ ትጽፋለች፣ ስሟን ትፈርማለች። ዓርብ አሞት ሰኞን የሚጠብቅ የለም።

አንድ ቅዳሜ ኔስታ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«አንድ ሰው መጥቷል» አለች።

ቱዱር ነበር። ለአንጋፋው ሐኪም ቀብር እያሳለ መጥቶ በዝናብ ቆሞ ውሏል። ሳል ትንፋሽ አሳጥቶታል።

«ጤና ጣቢያው ዝግ ነው» አለ። «እርስዎ ዘንድ ሂድ አሉኝ።»

«ተቀመጥ» አለችው።

ማዳመጫውን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ያ ጀርባ ነው፤ ከስቷል። «በረጅሙ ተንፍስ» አለች። ሳንባው በቀኝ በኩል ከታች ይንኮሻኮሻል። ልቡን ላለመስማት ብትጥርም ሰማችው። መድኃኒቱ ከግድግዳው ማዶ መደርደሪያ ላይ ነው፤ መጠኑን ተኝታም ታውቀዋለች። ብዕሯን አነሳች፣ ስሙን ጻፈች፣ የልደት ቀኑን ሳትጠይቀው ጻፈች። እዚያ ላይ ቆመች።

«የሳንባ ምች ነው። ግን ልጽፍልህ አልችልም።»

«ለምን? የተፈቀደልዎት አይደለም እንዴ?»

«መድኃኒት አዛዥ ለቅርብ ሰው አይጽፍም። ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

ግራ ገባው። «የቅርብ ሰው? የለም ተብሎ… ተጽፎ የለ እንዴ?»

«የጻፍከው አንተ ነህ» አለች ማብሊ። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እኔ አልጻፍኩም። አንድ ቀንም አልጻፍኩም።»

ቱዱር ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ፤ አንዱን ቁልፍ በማይሆን ቀዳዳ አስገባው፣ አላረመውም።

«ማብሊ…» አለ። «አንቺ…»

ሦስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር። እሱ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፤ እሷም ተከትላ አየች። መንገዱ ዳር መኪና ቆሟል፤ አንዲት ሴት ከውስጥ ጉም የለበሰውን መስታወት በእጅጌዋ እየጠረገች ወደ መድኃኒት ቤቱ ትመለከታለች።

«ባለቤቴ ናት» አለ በቀስታ። «እየጠበቀችኝ ነው።»

«ጥሩ» አለች ማብሊ። ምኑ ጥሩ እንደሆነ ግን አታውቅም። «ሆስፒታሉ አርባ ደቂቃ ነው፤ እሷ ትንዳ። አሁኑኑ ደውዬ እነግርልሃለሁ። እስከ ሰኞ እንዳትቆይ።»

«አልቆይም።»

ወጣ። ደውላ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሳንባውን ሁኔታ አንድም ነገር ሳታዛንፍ ነገረች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቀና አላለችም።

የምርመራው ወረቀት ከፊቷ ነበር። መድኃኒት ሳይታዘዝ ሲቀር ምክንያት የሚጻፍበት መስመር አለ። «ከታካሚው ጋር የቅርብ ግንኙነት» ብላ ጻፈች፤ እጇ አልደነገጠችም። ስሟን ፈረመች። ከዚያ በድሮ ልማዷ፣ ሌላ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ወረቀቱን ተመልሳ ወደ ገባችው ኔስታ ገፋች።

ኔስታ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«የት ልፈርም?» አለች።

ማብሊ ወረቀቱን ወደ ራሷ መለሰችና ከፊርማዋ ጎን ፈለገች። ሁለተኛ ሳጥን አልነበረም።