በሰው እግር የሚሄድ እንቁላል

ቶሚዞ በጃፓን፣ በኒጋታ ተራሮች መካከል የጌጥ ዓሣ በማራባት ያረጀ ሰው ነው። ቀይና ነጭ፣ ጥቁርና ወርቃማ ዓሦቹን ለማየት ከሩቅ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ኩሬዎቹን የሚረከበው ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፦ የሴት ልጁ የካዮኮ ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ናጊሳ። እሷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለዓሦቹ መኖ ትበትንና የእጅ ጌሟን፣ ያቺን ትንሽ የጨዋታ መሣሪያ፣ ይዛ በኩሬው ዳር ትዞራለች። ትዞራለች፣ ትዞራለች።

«እግርሽን ነው ወይስ ጭንቅላትሽን ያመመሽ?» ይላታል።

«እንቁላል ይዣለሁ አባባ። ካልተራመድኩ አይፈለፈልም።»

«እንግዲያው ዶሮ ሆነሻላ!»

«አንተ ደግሞ አውራው፤ ሳይነጋ የምትጮኸው።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በናጊሳ ጨዋታ እንቁላሉ የሚሄደው በሰው እግር ነው። ሁለት የተረት አውሬዎች አንድ ጋጣ ውስጥ ይኖራሉ፤ እንቁላል ይጥላሉ፤ ጌሙ የተሸካሚውን እርምጃ ይቆጥራል፤ በመጨረሻ የሚፈለፈለው ግልገል የወላጆቹን ችሎታ ወርሶ ይወጣል። ይህን ቶሚዞ አያውቅም። ጠይቆ አያውቅማ!

አንድ ቀን ዓሣ ሊገዛ እንግዳ መጣ። ቶሚዞ «መረብ አምጪ!» ብሎ ተጣራ።

«መጣሁ! ሊፈለፈል ነው!» አለች ናጊሳ።

ደግሞ ተጣራ። እንግዳው ሰዓቱን አየ። ሽማግሌው ያኔ ተንደርድሮ ሄደና ጌሙን ከእጇ መንጭቆ ዓሦቹ የሚወፍሩበት ትልቁ የጭቃ ኩሬ ውስጥ ወረወረው። እጁ ከልቡ ቀደመ።

ናጊሳ አላለቀሰችም። መረቡን አመጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «ይኸው፣ ይውሰዱ» አለችው።

ይውሰዱ! ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንተ» ቀረና «እርስዎ» መጣ። «ሩዝ ይጨመርልዎ?» «መታጠቢያው ሞቋል፣ ይግቡ።» ትሕትናዋ እንከን አይወጣለትም፤ በጨዋ ደንብ የተቆለፈ በር ነበር። በዚያው ሳምንት፣ ትምህርቷን እንደጨረሰች ከተማ ገብታ ሥራ እንደምትፈልግ ለእናቷ ነገረቻት።

«አሻንጉሊት ነው እኮ!» አለ ቶሚዞ ለካዮኮ። «የሌለ አውሬ ማራባት ምን ይጠቅማል? አይበላ፣ አይሸጥ፣ አይዋኝ!»

ካዮኮ ሾርባውን እየቀዳችለት፣ «የታላቅ ወንድሜን ጊታር የሰበርክ ቀንም ‹እንጨት ነው እኮ› ብለህ ነበር» አለችው። «የት አለ ታዲያ? ለአዲስ ዓመት ፖስትካርድ ከላከልህ ትልቅ ነገር ነው። አባዬ፣ ልጅቷ ስትዞር አየህ እንጂ፣ ምን ተሸክማ እንደምትዞር መቼ ጠየቅካት?»

ቶሚዞን ሾርባው ትን አለው።

ብዙም ሳይቆይ ለእርባታ የሚቀሩትን ዓሦች የመለየት ሥራ ደረሰ። ናጊሳ ባልዲ ታቀብላለች። ቶሚዞ አንዲት ትልቅ እንስት በመረብ አወጣ፤ ቀይ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ጎኗ ተዥጎርጉሯል። «ይቺ ትውጣ። ለዓይንም አትሆን።»

«ባያስወጧት ይሻላል» አለች ናጊሳ።

«ለምን?»

«አምና ጀርባቸው ሰፍቶ ያደጉት ሁሉ የሷ ልጆች ናቸው። እናት የምትመዘነው በመልኳ ሳይሆን በልጆቿ ነው።»

ቶሚዞ መረቡን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጎ እንደያዘ ቀረ። ይህ የሟቹ አባቱ ቃል ነበር። ናጊሳ ሥራውን የምትረከብ ቀን ሊነግራት ያቆየው፣ ለማንም ትንፍሽ ያላለው ቃል።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ኩሬ ውስጥ የጣሉት ጌም።»

ከዚያ በኋላ ምላሷ ተፈታ። «አንዲት አውሬ ነበረችኝ። አስቀያሚ፣ ቀርፋፋ፤ ሌላው ሰው እንዳገኛት ይለቃታል። ግን የቆሰለ የሚያድን ዝናብ መጥራት ትችል ነበር። ዘሯ ይህን ከወላጅ ካልወረሰ በራሱ አይማረውም። ከፈጣን አባት ጋር አኖርኳት፤ ልጇን ደግሞ ከጠንካራ ጋር። ሁለት ዓመት ተራመድኩ። ያን ቀን ሊፈለፈል የነበረው ፍጥነቱንም፣ ጉልበቱንም፣ ዝናቡንም የያዘው ነው። ጠንካራ አውሬማ ከጫካ ተይዞም ይገኛል። እንዲህ ያለው ግን ተራምዶ ለሚያሳድግ ካልሆነ ለማንም አይገኝም።»

ቶሚዞ መረቡን ገለበጠ። ዓሣዋን ቀስ ብሎ ወደ ውሃው መለሳት።

በማግስቱ የጭቃውን ኩሬ ዓሦች ወደ ሌላ ኩሬ አዛወረና ውሃውን ለቀቀው። የጭቃ ኩሬ የሚደርቀው በመኸር፣ በረዶ ሊወርድ ሲል ነው። ያን ጊዜ ግን ገና ሐሩር ነበር፤ ዓሣ የሚወፍርበት ወቅት። አንድ ጎረቤት ከመንገድ ላይ ቆሞ ሳቀበት።

«ቶሚዞ፣ በረዶው ላንተ ብቻ ቀድሞ መጣ እንዴ?»

«የወደቀብኝ ነገር አለ!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንቁላል!»

ጎረቤቱ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ሽማግሌው ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። ናጊሳ ዳር ቆማ፣ እጇን አጣምራ ታየዋለች። ዳበሰ፤ ድንጋይ አወጣ። ዳበሰ፤ የዛገ ባልዲ አወጣ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ጌሙን አገኘና ከፍ አድርጎ ሲያሳያት እግሩ አዳለጠው።

«አባባ፣ ቀስ በል! ትወድቃለህ!»

ወደቀ። ጭቃው ውስጥ ቁጭ እንዳለ ግን ፊቱ በራ። «ምን አልሽኝ?»

ናጊሳ ከንፈሯን ነከሰች። «ቀስ በል አልኩህ። ማርጀትህን አትርሳ።»

«ሳልጠይቅሽ መወርወሬ ጥፋቴ ነው» አለ ቶሚዞ። ጊታሩን ለሰበረበት ልጁ ያላለው ቃል ነበር።

ጌሙ ሞቷል። ጨዋታው የተቀመጠበት ትንሿ ካርድ ግን ታጥባ፣ ደርቃ፣ በጓደኛዋ ጌም ውስጥ ስትገባ እንቁላሉ እንዳለ ነበር። «ወዲህ በይው» አለ ቶሚዞ፤ «የቀረውን እኔ ልራመድ።» የጭቃ ዱካውን እየተወ ባዶውን ኩሬ ዞረ። ያን ቀን ማታ ናጊሳ ለእናቷ ስለ ከተማው ሥራ አላወራችም፤ ስለዚያች ስለ ደብዛዛዋ ዓሣ ነበር ያወራችው።

እንግዲህ እናንተም፣ ልጃችሁ አንገቱን ደፍቶ ስታዩት እጃችሁን የሚበላችሁ ሁሉ፣ ስሙኝ። ጨዋታ ሁሉ መልካም ነው አላልኩም። ማራባትን የሚያስተምር ጨዋታ ግን መታገሥን ያስተምራል፤ ሌላው የጣለውን ደካማ አንስቶ ምን እንደሚያወርስ ማየትንም ያስተምራል። ይህን ስንቱ ትልቅ ሰው ያውቃል? ስለዚህ ከመወርወራችሁ በፊት «ምን ይዘሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጠየቅ ኩሬ ማድረቅ አያስፈልግም።